ከእህል እስከ ደም፦ የዋግ ባልትና ማኒፌስቶ

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ዓለም አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ የልማት ገንዘብ ከየት ይምጣ እያለ ሲመክር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት አንድ ከባድ ቃል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እናስቀራለን አለ። ቃሉም በእኛ በዋግ ሰዎች ከተማ ስም ተጠራ፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ስሙ የተሰጠን በረሃብ ስለታወቅን ነው፤ ይህንን አንሸሽግም። በ1977ቱ ድርቅ ከዋግ ተነሥተው ወደ ኮረም የተሰደዱት፣ መንገድ ላይ የቀሩት፣ ለዘር ያስቀመጡትን በልተው የጨረሱት ወላጆቻችንና አያቶቻችን ናቸው። ስሙን ከተቀበልን ዘንድ ሥራውንም እንቀበላለን።

እኛ ስንል በደሃና እና በጋዝጊብላ ደጋ ገብስና ባቄላ የሚያመርተውን፣ በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ቆላ ማሽላ የሚዘራውን፣ ሰቆጣ ከተማ ወፍጮ ቤት ያለውን፣ ቀበሌ ለቀበሌ የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከሁሉም በላይ ቡሆ ዕቃው አጠገብ የቆመችውን እናት ማለታችን ነው።

የዋግ ረሃብ እስከዛሬ በኩንታል ሲለካ ኖሯል። ስንት ኩንታል ጎደለ፣ ስንት ኩንታል ገባ፣ በነፍስ ወከፍ ስንት ኪሎ ተሰፈረ። የተለመደው የእርዳታ ራሽን በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል ነው፤ ጥቂት ጥራጥሬና ጥቂት ዘይት ይታከልበታል። ይህ ቆጠራ ነፍስ አድኗል፤ አናጣጥለውም። ነገር ግን ቆጠራው ከረጢቱ ላይ ይቆማል። ከዚያ 15 ኪሎ ውስጥ ስንቱ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ የሕፃኑ ደም ውስጥ ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 ባደረገችው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38 በመቶ ወርዷል። በዚያው በ2016 ጥናት ግን አማራ ክልል 46 በመቶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ከሚያመርት ክልል ይህን ያህል ልጅ የሚቀነጭረው በኩንታል እጥረት ብቻ ነው ቢሉን አንቀበልም። ንጹሕ ውኃ ማጣት አለበት፤ ተቅማጥ አለበት፤ የእናትየዋ ድካም አለበት። ማንም ያልነካው አንድ ሌላ ነገርም አለበት፤ ይህ ማኒፌስቶ የሚነሣው ከእሱ ነው።

እምነታችን ይህ ነው። የአንድ ምግብ ልኩ ያለፈው ነው። ያለፈው ማለት ከአንጀት ወደ ደም ያለፈው። እህል በውስጡ የያዘውና ለሰው የሚሰጠው እኩል አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል የእህሉ አወቃቀር አለ፣ ያንን አወቃቀር የሚከፍተውም ባልትና ነው።

አንድ የሽምብራ ፍሬ ለዓይን አንድ ነገር ይመስላል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ግን እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕዋሳት ተያይዘው የሠሩት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያውን ግድግዳ አለው፤ የግድግዳውን ሴሉሎስና ፔክቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም የሰው ሆድ አያመነጭም። ስታርቹና ፕሮቲኑ ያሉት ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ነው። ሕዋሱ በሩ እንደተዘጋ ጎተራ ነው፤ ጎተራው ሙሉ መሆኑ ደጅ ላይ የቆመውን ረሃብተኛ አያጠግበውም። ሽምብራው ሲቀቀል ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን ይሟሟል፤ ፍሬው ይለሰልሳል፤ በጥርስ ሲነክሱት ይፈርሳል። ሕዋሳቱ ግን ተለያዩ እንጂ አልተሰበሩም። ጥቂት የማይባሉት ስታርቻቸውን እንደያዙ ትንሹን አንጀት አቋርጠው ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይመገቧቸዋል። ያው ሽምብራ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ደቆ ሽሮ ሲሆን ግድግዳው ድስቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ፈርሷል። እርሻው አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ ኪሎው አንድ፤ ለሰውነት ግን ንፍሮና ሽሮ ሁለት የተለያዩ ምግቦች ናቸው።

ይህንን ሌላው ዓለም በላቦራቶሪ አረጋግጦታል። እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዝ አገር የተደረገ አንድ ሙከራ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ሰዎች ያው ፖም በሦስት መልክ ቀረበላቸው፦ እንዳለ፣ ተፈጭቶ፣ ጭማቂ ሆኖ። እንዳለ የበሉት ይበልጥ ጠገቡ፤ ጭማቂውን የጠጡት ቶሎ ተራቡ፤ ኢንሱሊናቸውም ከፍ ብሎ ወጣ። በ1980 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የኦቾሎኒን ነገር ፈተኑ። ለውዙን እንዳለ ከበሉት ሰዎች ከገባው ስብ 18 በመቶ ገደማው ሳይፈጭ ወጣ፤ ለውዙ በቅቤ መልክ ሲደቅ ግን የሚባክነው ወደ 7 በመቶ ወረደ። የእኛ እናቶች ተልባን ሳይቆሉና ሳይወቅጡ አያቀርቡም፤ ኑግንም እንዲሁ። ያልተፈጨ ተልባ እንደገባ እንደሚወጣ የምታውቅ ባለሙያ ዘይቱ ያለው ከቅርፊቱ ውስጥ መሆኑንም ታውቃለች፤ መጽሔት ላይ ስላላሳተመችው እውቀትነቱ አይቀንስም።

ከዚህ ላይ ጥንቃቄ እንጠይቃለን። የተፈጨ ሁሉ ይሻላል አላልንም። ሰቆጣም፣ ደሴም፣ አዲስ አበባም የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እየበዙ ነው፤ ለእነሱ የሕዋሱ ግድግዳ ሳይፈርስ መቆየቱ በረከት ነው። ስታርቹ ቀስ እያለ ስለሚፈታ የደማቸው ስኳር አይዘልም። ለእነዚህ አባቶችና እናቶች ንፍሮው ከነጭ ዳቦ ይሻላል። የዘጠኝ ወር ሕፃን ግን ጥርሱ ገና ነው፤ ሆዱ ጠባብ ነው፤ የሚያድግበት ጊዜ አጭር ነው። ለእሱ እህሉ መከፈት አለበት። አንዱን እህል ለአንዱ መክፈት፣ ለሌላው ደግሞ መዝጋት፤ ባልትና የሚባለው ጥበብ ይህ ነው፤ በየቀበሌው እንዲስፋፋ የምንፈልገውም ይኸው ነው።

የቆላችን ምግብ ማሽላ ነው፤ ስለዚህ ማሽላ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ አንድ ጥናት ፔሩ፣ ሊማ ላይ ላሉ ሕፃናት ከነገለፈቱ የተፈጨ ማሽላ በገንፎ መልክ ሰጥቶ የበሉትንና የወጣውን ለካ። ከማሽላው ፕሮቲን የተመጠጠው 46 በመቶ ብቻ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባከነ። ብዙ ሰው ማሽላ ለሕፃን አይሆንም ብሎ ደመደመ። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚያው ተመራማሪዎች ማሽላውን ፈትገው፣ ከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ባለው ማሽን አብስለው እንደገና ሰጡ፤ የተመጠጠው 81 በመቶ ሆነ። ያው እህል ነው። የተለወጠው አያያዙ ነው። ምክንያቱም የማሽላ ዋናው ፕሮቲን፣ ካፊሪን የሚባለው፣ በውኃ ሲቀቀል እርስ በርሱ ተሳስሮ የሆድ ኢንዛይም የማይገባበት ሆኖ ይጠነክራል። አንዳንዱ ቀይ ማሽላ ደግሞ ታኒን ይጨምርበታል፤ ታኒን ፕሮቲኑንም ብረቱንም ይዞ አይለቅም። መፈተግ የታኒኑን ብዙ ክፍል ከገለፈቱ ጋር ያስወግዳል፤ ማብቀልና ማቡካትም የፕሮቲኑን ትስስር ያላላሉ።

ማሽላን ስናነሣ የወሎ ገበሬ የሠራውን ሳንናገር አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች፣ ሲንግ እና አክስቴል፣ ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የማሽላ ዘሮች ውስጥ ላይሲን የተባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ከሌሎች ማሽላዎች በልጦ የሚገኝባቸውን አገኙ። የወሎ ገበሬ ግን ያንን ማሽላ ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ወተት በጉንጬ ብሎ ሰይሞታል። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርቱም ያንሳል፤ ቢሆንም ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር በጥቂቱ እየዘራ፣ በእሸትነቱ እየጠበሰ ይበላው ነበር። እሸት ማለት ስታርቹ ገና ያልጠጠረ፣ ግድግዳው ገና ያልደረቀ ፍሬ ነው። ገበሬው ለአፉ የጣመውን መረጠ፤ ሳይንሱ ከኋላ መጥቶ ምርጫውን አጸደቀለት። በማሽላ ምርምሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው ገቢሳ ኤጄታም የኢትዮጵያ ልጅ ነው። ስለዚህ ዋግ ለማሽላ ሳይንስ እንግዳ አይደለም፤ የዘሩ ባለቤት ከሆነ አገር ነው።

አሁን ወደ ማዕድኑ እንምጣ። ጤፍ ብረት ሞልቶታል የሚል ወሬ ዓለምን ዞሯል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ከአውድማው አፈር የሚመጣ መሆኑን አሳይተዋል፤ በሬ ረግጦት በተወቃ ጤፍ ላይ የተጣበቀ አፈር ነው። የአፈር ብረት ደግሞ ሰውነት እንደልቡ አይወስደውም። የእህሉ የራሱ ብረትና ዚንክም ቢሆን ጠባቂ አለው፤ ፋይቴት ይባላል። ፋይቴት ዘሩ ለቡቃያው ፎስፎረስ የሚያጠራቅምበት ውሁድ ነው፤ በስንዴና በገብስ በብዛት የሚገኘው ከገለፈቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ብረትንና ዚንክን አንቆ ይይዛል፤ ይዞም ይወጣል። የሰው አንጀት ፋይቴትን የሚሰብረው ፋይቴዝ እዚህ ግባ የሚባል የለውም።

የሰው አንጀት የማይሠራውን ይህን የመስበር ሥራ እርሾ ይሠራል። ሊጡ ሲቦካ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ያመነጫሉ፤ ሊጡ ሲኮመጥጥ የእህሉ የራሱ ፋይቴዝ ይነቃል፤ ፋይቴቱም ይፈርሳል፤ ብረቱና ዚንኩ ይለቀቃሉ። ስንዴና ገብስ በፋይቴዝ የታደሉ ናቸው፤ ማሽላና ጤፍ ግን ጥቂት ነው ያላቸው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ካሌብ ባዬ እና ባልደረቦቹ በእንጀራ ሊጥ ላይ ያደረጉት ምርምር ለዋግ ትልቅ ነገር ይናገራል። እህልን ደባልቆ ማቡካት የአንዱ ኢንዛይም የሌላውን ፋይቴት እንዲሰብር ያደርጋል። ከማሽላ ዱቄት ላይ የገብስ ዱቄት መቀላቀል ድህነት ያመጣው መደበላለቅ ይመስላቸዋል ብዙ የከተማ ሰዎች። እኛ ግን ከዛሬ ጀምሮ በኩራት እንቀላቅላለን። ቀይ ማሽላ ላይ ግን ፋይቴቱ ቢፈርስም ታኒኑና ዘመዶቹ ብረቱን ስለሚይዙት መፈተጉ አይቀርም፤ አንዱ ሥራ ሌላውን አይተካም።

ሊጡን ሳያቦኩ ለልጅ የሚሰጥ ቂጣና ሳይቦካ የሚቀቀል ገንፎ ላይ ያለን ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። አዋቂው የሚበላው እንጀራ ሁለት ሦስት ቀን ቦክቶ ከፋይቴቱ ብዙውን ጥሏል። የሕፃኑ አጥሚት ግን ከዱቄት ዕቃው በቀጥታ ወደ ድስት ነው የሚሄደው። ቤት ውስጥ ካለው ምግብ ሁሉ እጅግ የተዘጋው ለትንሹ ሆድ ነው የሚሰጠው። ይህን መገልበጥ አለብን። የሕፃኑ ገንፎ ከቦካ ሊጥ ይሠራ፤ ቢያንስ ዱቄቱ ከማታ ጀምሮ ተቦክቶ ይደር፤ ከዚያ በደንብ ይብሰል።

የዚህ እንቅስቃሴ ልቡ ግን ብቅል ነው።

ዋግ ውስጥ ብቅል የማታውቅ እናት የለችም። ገብሱ ይነከራል፤ ተሸፍኖ ይበቅላል፤ ይደርቃል፤ ይፈጫል። ዘሩ ሲነቃ የተዘጋውን ሁሉ ራሱ ይከፍታል፤ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆራርጣል፤ ፋይቴዙ ይበዛል፤ የሕዋሱ ግድግዳም ይሳሳል። የሰው ልጅ ሆድ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ ዘሩ ቀድሞ ሠርቶ ይጠብቃል። እና ይህ ድንቅ ዱቄት ወዴት ይሄዳል? ወደ ጠላ ጋን። ለበዓሉ፣ ለድግሱ፣ ለደቦው። ጠላውን አንነቅፍም፤ የአባቶቻችን መጠጥ ነው። የምንለው አንድ እፍኙ ይቅርልን ነው፤ ከጋኑ ወደ ሕፃኑ ሳህን ይሻገር።

ምክንያቱን በቁጥር እናሳይ። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው። በዘጠኝ ወር ዕድሜው ከእናቱ ጡት ሌላ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ከምግብ ማግኘት አለበት። ዱቄት በውኃ ሲቀቀል ስታርቹ ውኃ እየመጠጠ ያብጣል፤ ስለዚህ እናት ልጁ እንዲውጠው ስትል ታቀጥነዋለች። በአንድ ሊትር አጥሚት ውስጥ 60 ግራም ዱቄት ካለ፣ ልጁ ሆዱ እስኪሞላ ቢጠጣ የሚያገኘው 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቢሰጠው 150፤ ግማሹ። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፤ ሰውነቱ ግን ተርቧል። እናቱ አልሰሰተችም፤ ሆዱንም ሞልታለታለች። ያታለላት የስታርቹ እብጠት ነው።

አሁን ዱቄቱ 150 ግራም ይሁን። ገንፎው ይወፍራል፤ ልጁ አይውጠውም። ከእሳት ወርዶ ትንሽ ሲበርድ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ጥቂት የብቅል ዱቄት ይነስነስበትና ይማሰል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ገንፎው ይቀጥናል፤ ውኃ ሳይጨመርበት። አሚሌዙ ያበጠውን ስታርች ቆራርጦታል። ከዚያ እንደገና ይንተክተክ፤ ይህ ደረጃ አይዘለልም፤ ብቅሉ ላይ ያለውን ተሕዋስያን የሚገድለው እሱ ነው። ያው ልጅ፣ ያው 240 ሚሊ ሊትር፣ አሁን 125 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። በሦስት ጊዜ 375። ከቤት ውጪ የተገዛ አንዳች ነገር የለም። ታንዛኒያና ህንድ ውስጥ ይኸው ዘዴ በእናቶች እጅ ተሞክሯል። ይህንን እያወቅን ዝም ብንል ኃጢአት ነው።

ሦስት ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ብቅሉ ከገብስ ይሁን። ማሽላ ሲበቅል በቡቃያውና በሥሩ ላይ ሲያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ የማሽላ ብቅል ካልቀረ ደርቆ፣ ቡቃያውና ሥሩ ታሽቶና ተበጥሮ ሙሉ በሙሉ ይወገድ፤ ከዚያም ይብሰል። ሻጋታ የነካው ብቅልም ለማንም አይሆንም፤ ለሕፃን ይቅርና ለጠላውም። ጡት ማጥባቱ ደግሞ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይቀጥል፤ ከስድስት ወር በፊት ብቅሉም ገንፎውም አያስፈልገውም።

ባልትና ነፍስ የሚያድን እውቀት መሆኑን ለሚጠራጠር ደላንታን እናስታውሰው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎዎቹ ደላንታና ዳውንት ላይ ድርቅ ሲመታ ሌላው እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ቀረ። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ግን በውስጡ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለበት፤ በብዛትና ለወራት የበላው ሰው እግሩ ይሰንፋል፤ የሰነፈው እግር አይመለስም። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በኋላ ቤት ለቤት ሄደው ማን ሽባ ሆነ፣ ማን ተረፈ ብለው መረመሩ። በጥሬነቱ፣ በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ የበሉት ለአደጋው ተጋልጠው ነበር። ጓያውን አቡክተው እንጀራ ያደረጉት፣ ከሌላ እህል ጋር የደባለቁት ግን ብዙዎቹ ተርፈዋል። እዚያ ላይ በመቆምና በሽባነት መካከል ያለው ልዩነት የአሠራር ልዩነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጓያ ስንት የዘዴ ትምህርት ተሰጠ ብለን እንጠይቃለን፤ በድርቅ ጊዜ ዘር ይታደላል፤ መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት፣ ማቡካት፣ መደባለቅ ግን ከዘሩ ጋር አይታደልም።

ዋግ የጾም አገር ነው። በዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቀን ጾመኛው ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል። ጾሙን አንነካም። ነገር ግን ጾመኛ ቤት ውስጥ ብረቱም፣ ዚንኩም፣ ቫይታሚን ኤውም ከተክል ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ የተክሉ አከፋፈት ጉዳይ ከማንም በላይ የእኛ ጉዳይ ነው። እናቶቻችን ለሁዳዴ ባቄላ አብቅለው በቆልት ማቅረባቸው፣ ስልጆ ማቡካታቸው፣ ሱፍና ተልባ መውቀጣቸው ያለምክንያት አልነበረም። ጎመን ላይ ግን አንድ ጉድለት አለ። የቅጠሉ ቫይታሚን ኤ መነሻ፣ ካሮቲን፣ የተቀመጠው በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አረንጓዴ ቅጠል ብዙ የበሉ እናቶች የቫይታሚን ኤ ይዞታቸው እንዳልተሻሻለ አሳይቶ ሳይንቲስቶቹን አስደነገጠ። ጎመኑ በደቃቁ ይከተፍ፣ ይብሰል፣ ዘይት ይግባበት፤ ያለ ስብ ካሮቲን አይመጠጥም። ከእርዳታው የሚመጣውን ጥቂት ዘይት እናቶች ለየትኛው ወጥ ያውሉት ብለው ቢጠይቁን መልሳችን ለልጁ ጎመን ነው። ቡናውም ከምግብ ጋር አይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ሙከራ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና የብረትን መመጠጥ በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ጉዳት አላመጣም። ነፍሰ ጡሯ ከምግብ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብላ ትጠጣ፤ ጎረቤቶቿም ይጠብቋት።

ስለዚህ የምንጠይቀውን እንናገር።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲገመገም ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመርልን። የተከፋፈለው እህል፣ የሰለጠነው ሰው፣ የተቆፈረው ጉድጓድ ተጽፏል፤ ልጆቹ የበሉት ገንፎ ቦክቶ ነበር ወይ፣ ብቅል ነበረው ወይ፣ ዘይት ገብቶበታል ወይ የሚለው አልተጻፈም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በወር አንዴ ልጁን ስትመዝን ድስቱንም ትይ።

የእርዳታ እህል ስንዴ ሆኖ ሲመጣ የወፍጮው ዋጋ አብሮ ይምጣ። እናት ከተሰፈረላት ላይ ሽጣ ለወፍጮ ከከፈለች፣ ወይም ወፍጮው ሩቅ ሆኖባት ንፍሮ ከቀቀለችው፣ ለሕፃኑ የደረሰው ግማሹ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ዋግን ደጋግሞ አናውጧል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ሰቆጣ የተጠለሉ እናቶች ስንዴ ተሰፍሮላቸዋል፤ ቡሆ ዕቃቸው፣ ሙቀጫቸውና ምጣዳቸው ግን ቤታቸው ቀርቷል። እህል ያለ ዕቃ ግማሽ እርዳታ ነው። ለተፈናቃይ የሚሰጠው ቁሳቁስ ውስጥ ቡሆ ዕቃና እርሾ ይግባ።

በየወፍጮ ቤቱ የማሽላ መፈተጊያ ማሽን ይተከል። ይህንን አጥብቀን የምንለው አንድ ነገር ስለምንፈራ ነው። ይህ እንቅስቃሴ በእናቶች ጀርባ ላይ አዲስ የሙቀጫ ሸክም የሚጭን ከሆነ ይውደቅ። ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም የዋለች ሴት ማታ ማሽላ ፈትጊ የምትባልበት ሥርዓት እኛ የምንመኘው አይደለም። እርሾና ብቅል የሚሠሩት ጊዜና ተሕዋስያን ናቸው፤ የሰው ጉልበት ጥቂት ነው። ጥራጥሬውን ማታ መዘፍዘፍም የማብሰያውን እንጨት ይቀንሳል። ጉልበት የሚበላውን ሥራ ማሽኑ ይውሰደው፤ የወንዶች እጅም ይግባበት። ገብሱን መንከርና ብቅሉን ማስጣት የአባት ሥራ መሆን ይችላል።

ሰቆጣ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ዘር ሲመርጥ በሄክታር ስንት ኩንታል የሚለውን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ይመጠጣል የሚለውንም ይለካ። ታኒኑ አነስተኛ የሆነ፣ ሲፈተግ የማይፈረካከስ፣ ፕሮቲኑ ሲበስል የማይጠነክር ማሽላ ይፈልግልን። ወተት በጉንጬም የደጋችንና የቆላችን የምርምር ማሳ ላይ ቦታ ይሰጠው። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ወደ ዋግ ሲመጡ የደም ናሙና ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ሊጡንም ይለኩ፤ ውጤቱን ለሊጡ ባለቤት ይንገሩ። ትምህርቱም በኽምጣናና በአማርኛ ይሰጥ፤ ኽምጣና ተናጋሪዋ አያት የሚገባት ቋንቋ ካልሆነ ለልጅ ልጇ አይደርስም።

ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሳይንስ ክፍለ ጊዜያቸውን ከኩሽና ይጀምሩ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሽምብራ ሕዋስን በማጉያ መነጽር አይቶ፣ ሁለት ኩባያ ገንፎ ፊቱ ተቀምጦ፣ አንዱ ላይ ብቅል ነስንሶ ሲቀጥን ቢያይ፣ ኢንዛይም ምን እንደሆነ በዕድሜው አይረሳም፤ ማታ ቤቱ ሄዶም ለእናቱ ይነግራታል።

ሥራው የሚጀመረው ገብስ ተወቅቶ ብቅል በሚነከርበት በመጪው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ከየቀበሌው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ልጅ ያላቸው እናቶች በአንድ ቤት ይሰብሰቡ፤ አንዲት የታወቀች የጠላ ባለሙያ ብቅሏን ይዛ ትምጣ፤ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሚዛኑን ታምጣ፤ ገንፎው እዚያው ይሠራ፤ ልጆቹ እዚያው ይብሉ። ከሁለት ወር በኋላ ያው ሚዛን፣ ያው ልጆች። የሚወጣውን ቁጥር ለወረዳው፣ ለዞኑ፣ ለአዲስ አበባ እንልከዋለን፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ ሳንቀይረው።